ለወገብ ሕመም ወደ ነርቭ ሐኪም ሲላኩ ምን ይጠብቅዎታል?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 43 ነው። ወገቤን ያመኝ ከጀመረ 3 ወር አለፈው። መጀመሪያ ወገቤ ላይ ብቻ ነበር። አሁን ግን ከመቀመጫዬ ተነስቶ በግራ እግሬ የውጪ ጎን እየወረደ አውራ ጣቴ ድረስ ይደርሳል። እግሬም አልፎ አልፎ ይደነዝዛል። ማስታገሻ ወስጄ ስላልተሻለኝ ሐኪሜ ለነርቭ ስፔሻሊስት ሪፈር ጻፈልኝ። ነርቭ ሲለኝ በጣም ደነገጥኩ። እዚያ ስሄድ ምን ያደርጉኛል? በመርፌና በኤሌክትሪክ ይመረምራሉ የሚባለው እውነት ነው? ኤምአርአይ ሳልነሳ ብሄድ ይመልሱኛል? መጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው ማለት ነው?»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ከሁሉም በላይ ያስጨነቀዎት እሱ ይመስለኛል። ወደ ነርቭ ሐኪም ተላኩ ማለት ለቀዶ ጥገና ተላኩ ማለት አይደለም። እኔም የነርቭ ሐኪም ነኝ፤ ቀዶ ጥገና አልሠራም። ብዙ ሰው ሁለት ባለሙያዎችን ያምታታል። ኒውሮሎጂስት የአንጎል፣ የሕብለ ሰረሰርና የነርቭ ሕመሞችን መርምሮ ያለ ቀዶ ጥገና የሚያክም ነው። በቀዶ ጥገና የሚያክመው ኒውሮሰርጅን ይባላል። የመጀመሪያው አንዳንዴ ወደ ሁለተኛው ይልካል። እንደ እርስዎ ባለው ሕመም ግን አብዛኛው ሰው እዚያ ሳይደርስ ይሻለዋል።

ነርቭ ተነካ ሲባል ሽባ መሆን የሚታያቸው ብዙ ናቸው። ድንጋጤዎም ከዚያ የመጣ ከሆነ ትንሽ ይረጋጉ። የተጫነ ወይም የተቆጣ ነርቭ ብዙውን ጊዜ ያገግማል። ጊዜ ይፈልጋል፣ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ያገግማል።

ለምን ወደ እኛ ተላኩ?

ሐኪምዎ የላከዎት ወገብዎን ስላመመዎት ብቻ አይመስለኝም። ወገቡን ብቻ የሚያመው ሰው በአብዛኛው ኒውሮሎጂስት አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ሕመም የሚነሳው ከጡንቻ፣ ከጅማት፣ ከአከርካሪ መገጣጠሚያ ወይም ከዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ለስላሳ ትራስ) ነው። በጣም ሊያሰቃይ ይችላል፤ ነገር ግን ነርቭ አልተነካም። ብዙው በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። እዚያ ላይ እኛ የምንጨምረው ነገር ትንሽ ነው፤ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ይበልጥ ይጠቅማል።

የእርስዎ ግን ሁለት ነገር አለበት። ሕመሙ ከጉልበት በታች ወርዷል። መደንዘዝም አለው። ሁለቱ ሲገጥሙ ከአከርካሪ የሚወጣ የነርቭ ሥር ተነክቷል ብለን እንጠረጥራለን።

ወገብ ላይ የተነካ ነርቭ እንዴት አውራ ጣት ላይ ያማል? የበር ደወል የሚጫኑት ደጅ ላይ ነው፤ የሚጮኸው ግን ቤት ውስጥ ነው። ነርቭም እንደዚያው ነው። የሚጫነው ወገብ ላይ ቢሆንም የሚሰማዎት ነርቩ በሚደርስበት ቦታ ነው። ስለዚህ እግርዎን ማሸት ወይም የእግር ራጅ መነሳት ብዙም የማይጠቅመው ለዚህ ነው።

ትንሽ ወደ ውስጥ ልግባ። ሕብለ ሰረሰር ራሱ እስከ መቀመጫ አይወርድም። በአዋቂ ሰው የሚያበቃው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያሉት ወደ እግር፣ ወደ ሽንት ፊኛና ወደ ፊንጢጣ የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ናቸው። የወገብ አከርካሪ አጥንቶች 5 ናቸው። በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ያለው ዲስክ፣ እንዲሁም ከ5ኛው ሥር ያለው ዲስክ ብዙ ጫና ይሸከማሉ። ከ10 የወገብ ዲስክ መንሸራተት 9ኙ የሚከሰተው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። የተንሸራተተው ዲስክ ነርቩን በመጫን ብቻ አይደለም የሚያሳምመው። ከውስጡ የሚወጣው ነገር ራሱ ነርቩን ያስቆጣዋል። ትንሽ መንሸራተት ያለበት ሰው በሕመም ሲጮህ፣ ትልቅ ያለበት ደግሞ ምንም ሳይሰማው የሚኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሕመሙ የሚወርድበት መስመር ብዙ ይነግረናል። ከጭን ፊት ለፊት ወደ ጉልበትና ወደ ቅልጥም የውስጥ ጎን ከሄደ ኤል 4 የምንለውን ሥር እንጠረጥራለን። በባት በኩል ወርዶ ተረከዝንና ትንሿን ጣት ከነካ ኤስ 1 ነው። በእግር የውጪ ጎን ወርዶ በእግር ጀርባ ላይ አልፎ አውራ ጣት ከደረሰ ደግሞ ኤል 5 ነው። እርስዎ የጻፉት ወደዚህ ይጠጋል። ሳይመረምሩ መወሰን አይቻልም፤ ግን ጥያቄዎ ውስጥ ያለችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ ራጅ በላይ መረጃ ሰጥታኛለች።

ወደ እግር የሚወርድ ሁሉ ዲስክ አለመሆኑንም ይወቁ። ከጉልበት ጎን፣ ከትንሿ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያልፍ ነርቭ አለ። እግር አጣምሮ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ወይም በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ እሱን ይጎዳዋል። የእግር ጀርባን ያደነዝዛል፣ እግርን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል፤ ልክ ኤል 5 ይመስላል። ስኳር ነርቭን ይጎዳል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም እንዲሁ። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲበላ ሕመሙ ወደ ብሽሽትና ወደ ጭን ይሄዳል። አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ከመውጣቱ ከቀናት በፊት በአንድ ጎን የሚያቃጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ የአከርካሪ ቦይ መጥበብ ይታያል። እነዚህ ሰዎች ሲሄዱ እግራቸው ይከብዳል፣ ሲቀመጡ ወይም ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ይለቃቸዋል። የነርቭ ሐኪም ዋና ሥራው እነዚህን መለየት ነው።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

ይህን ክፍል እባክዎ በጥሞና ያንብቡ። መቀመጫዎና በጭኖችዎ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ለምሳሌ ሽንት ቤት ሲታጠቡ ወይም ሲጠራረጉ የማይሰማዎት ከሆነ፣ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሽንት አልወጣም ካለ፣ ሳይታወቅዎት ካመለጠ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም ሁለቱም እግሮችዎ ከደከሙም እንዲሁ። እነዚህ ወደ ታች የሚወርዱት የነርቭ ሥሮች በአንድ ላይ መጨፍለቃቸውን ያመለክታሉ። እዚህ ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ አይባልም። ቀዶ ጥገናው ከዘገየ የሽንት ችግሩ ዘላቂ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ተኝተውም እንኳ የማይለቅ የሌሊት ሕመም፣ ቀድሞ ካንሰር ወይም ቲቢ የነበረበት ሰው ላይ የመጣ አዲስ የወገብ ሕመም፣ ከመውደቅ በኋላ የጀመረ ኃይለኛ ሕመም፦ እነዚህም በፍጥነት መታየት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ካለብዎ ቀጠሮው ሲያዝ ይናገሩ፤ ቀኑ ይቀረብልዎታል።

ከመሄድዎ በፊት

ብዙ ሰው ወደ ስፔሻሊስት ሲሄድ ውጤቶች ሰብስቦ ይመጣል፤ ታሪኩን ግን አያዘጋጅም። እኔ ብጠየቅ ታሪኩን አስቀድማለሁ። ከመሄድዎ በፊት አንድ ገጽ ላይ ይጻፉት። መቼ ጀመረ? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? ምን ሲሠሩ ነበር? ከዚያ በኋላ እየባሰ ነው፣ እየቀለለ ነው ወይስ ባለበት ነው? ሲቀመጡ ይብሳል ወይስ ሲቆሙ? ሲያስልዎት ወይም ሲያስነጥስዎት እስከ እግርዎ ድረስ ይወጋዎታል? ለመጨረሻው ጥያቄ አዎ ካሉ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ዲስክን ይጠቁማል። ሰው የሚመስል ሥዕል ሠርተው የሚያምበትን በአንድ ቀለም፣ የሚደነዝዘውን በሌላ ቀለም ቢያጠቁሩት ደግሞ በጣም ይረዳል። ሥዕሉ ማማር የለበትም።

አንድ ነገር ለይተው ይምጡ፤ መደንዘዝና መድከም። ሰው «እግሬ ከዳኝ» ሲል ሁለቱንም ማለቱ ሊሆን ይችላል። ቆዳዎን ሲነኩት አይሰማዎትም? ይወርርዎታል፣ ይጠዘጥዝዎታል? ወይስ ስሜቱ አለ፣ ግን ጫማዎ ከእግርዎ ይወልቃል፣ ደረጃ ሲወጡ ጣትዎ ይደናቀፋል? ሁለተኛው የጡንቻ ጉልበት መቀነስ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን እሱ ነው። ሕመም ብቻውን የቱንም ያህል ቢበረታ ጊዜ ይሰጠናል። እየጨመረ የሚሄድ ድካም ግን ጊዜ አይሰጥም።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዙ። ስም ከማስታወስ ይህ ይቀላል። ደም ማቅጠኛ ካለ፣ የስኳር መድኃኒት ካለ፣ ለረጅም ጊዜ የወሰዱት ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) ካለ አይርሱ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ቢ12 ሊያጥረው ስለሚችል ጥያቄው ያለ ምክንያት አይመጣም። ከፋርማሲ ውጪ የሚወስዱት ነገር ካለም ሳያፍሩ ይንገሩ። ቀድሞ የተነሱት ራጅ ወይም ኤምአርአይ ካለ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ፊልሙን ወይም ሲዲውን ይዘው ይሂዱ።

አለባበስዎ ቀላል ይሁን። ሱሪው ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ወይም ቶሎ የሚወልቅ ቢሆን ይመረጣል። ካልሲ ይወልቃል። እግርዎንና ጀርባዎን ሳያይ የሚጨርስ ሐኪም ምርመራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

ክፍሉ ውስጥ

መጀመሪያ ብዙ ይጠየቃሉ። ስለ ሽንት፣ ስለ ሰገራና ስለ ወሲብም ይጠየቃሉ። ሰው ወገቡን አሞት መጥቶ ይህን ሲጠየቅ ይደነግጣል። ለእነዚህ ሥራዎች የሚያገለግሉት ነርቮች የሚወጡት ከዚያው አካባቢ ስለሆነ ነው የምንጠይቀው። በእውነት ይመልሱ።

ምርመራው ግን ከወንበር ሳይነሱ ተጀምሯል። ሐኪሙ ሲገቡ አረማመድዎን አይቷል። አንዱን እግር እየጎተቱ ነው? ሲቀመጡ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ? ከዚያ በተረከዝዎ ይሂዱ ይልዎታል። ይህ የኤል 5ን ጉልበት ያሳያል፤ የእግርን ፊት ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ይጠይቃልና። በጣት ጫፍ መሄድ የኤስ 1 ነው። በተለይ በአንድ እግር ቆመው ደጋግመው በጣት ጫፍ እንዲነሱ ከተጠየቁ ትንሿ ድካም እንኳ ትወጣለች። ተቀምጦ መነሳት ወይም በአንድ እግር ቆሞ ጉልበትን ትንሽ ማጠፍ የጭንን ጡንቻ ያሳያል።

አልጋ ላይ ሲወጡ የእያንዳንዱን ጡንቻ ጉልበት በእጁ ይፈትናል። «ግፉኝ፣ ሳቡኝ፣ እንዳላሸንፍዎት» ይላል። አውራ ጣትዎን ወደ ላይ እንዲያነሱ አድርጎ ሊያወርደው ይሞክራል። የእርስዎን ሁኔታ በተመለከተ ከምርመራው ሁሉ በጉጉት የምጠብቀው ይህችን ነው። ውጤቱ ከ0 እስከ 5 ባለው መለኪያ ይመዘገባል። 5 ሙሉ ጉልበት ነው። 3 ማለት ክብደቱን ተቋቁሞ ይነሳል፣ ሌላ ግፊት ግን አይቋቋምም ማለት ነው። 0 ጡንቻው ጭራሽ አይንቀሳቀስም ማለት ነው። እዚህ ላይ አደራ የምለው ባለ በሌለ ጉልበትዎ ይግፉ። አልገፋም የሚሉት ስለሚያምዎት ከሆነ ይንገሩት። ሕመም ያስቆመው እግርና የደከመ እግር ከውጪ ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ ግን በጣም የተለያየ ነው።

ትንሿ መዶሻ አታምም። ጉልበት ሥር ስትመታ እግር ይፈናጠራል፤ ያ በዋናነት ኤል 4ን ያሳያል። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ሲመታ የእግር መዳፍ ወደ ታች ይገፋል፤ ያ ኤስ 1 ነው። ለኤል 5 እንደነዚህ የሚታመን የመዶሻ ምርመራ የለም። ስለዚህ የእርስዎ የመዶሻ ውጤት ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ ምንም የለም ማለት አይደለም። የአውራ ጣት ጉልበትና የቆዳ ስሜት የበለጠ ይናገራሉ።

የቆዳ ስሜትን በጥጥ፣ ጫፉ ሾል ባለ ነገር፣ አንዳንዴም በሚንቀጠቀጥ ሹካ መሳይ ብረት ይመረምራል። ዓይንዎን ይጨፍኑ ይባላሉ። ትክክለኛ መልስ ለመስጠት አይጨነቁ። እርግጠኛ ካልሆኑ «አላውቅም» ይበሉ፤ እሱም መልስ ነው። በሁለቱም እግር ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት እኩል የሚደነዝዝ ሰው ወገቡ ላይ ሳይሆን የእግሮቹ ነርቮች ላይ ነው ችግሩ፤ ስኳርና ቢ12 የሚታሰቡት ያኔ ነው።

ውስጥ እግርዎን ከተረከዝ ወደ ላይ ሲጭርዎት ሊያስቅዎት የፈለገ ሊመስልዎት ይችላል። ከባድ ጥያቄ ነው የሚመልሰው። አውራ ጣት ወደ ታች ከታጠፈ ጥሩ ነው። ወደ ላይ ከተነሳ ችግሩ ከወገብ በላይ፣ ሕብለ ሰረሰር ወይም አንጎል ላይ ሊሆን ይችላል። ያኔ የወገብ ኤምአርአይ ብቻ መነሳት ቦታ መሳት ነው፤ ደረት ወይም አንገት መታየት አለበት። ሐኪሙ የእጅዎንም ጉልበት ለምን እንደሚያይ አሁን ይገባዎታል።

ከዚያ በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ጉልበቱ ሳይታጠፍ ቀስ ብሎ ያነሳዋል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል የሚያውቁት ያ ሕመም ከጉልበት በታች ከወረደ የነርቭ ሥሩ መቆጣቱን ያመለክታል። ቋንጃዎ ብቻ ከተወጠረ ግን ያ ሌላ ነው፤ ብዙ ጤነኛ ሰውም ይወጠርበታል። ስለዚህ «አመመኝ» ብቻ አይበሉ፤ የት እንዳመመዎት ያሳዩ። ቀኝ እግርዎ ሲነሳ ግራው ከታመመ ደግሞ ዲስክ መሆኑን በጣም ያጠናክራል። ዳሌዎን ማዞርና የእግርዎን የደም ምት መዳሰስም ይኖራል። ምልክቱ ከጠየቀ የፊንጢጣ ጡንቻ ይመረመራል፤ ለሁሉም ሰው አይደረግም፣ ፈቃድዎም ይጠየቃል።

ኤምአርአይ፣ መርፌና ኤሌክትሪክ

ኤምአርአይ ሳይዙ ቢሄዱ ማንም ሊመልስዎት አይገባም። እንዲያውም ከምርመራው በኋላ ቢነሱ የተሻለ ነው። ሐኪሙ የትኛውን ክፍል፣ ምን ፈልጎ እንደሚያሳይ ያውቃል። ፎቶው ብቻውን ለምን እንደሚያሳስት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ እንዲነሱ አደረገ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ የተነፋ ዲስክ ተገኘባቸው። ከአራት አንዱ ገደማ ደግሞ ወጣ ያለ ዲስክ ነበረበት። ምንም አያማቸውም ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን የሰበሰበ ሥራ እንዳሳየው ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች መካከል እንኳ 37 በመቶው የዲስክ ማርጀት ምልክት ይታይባቸዋል፤ በ80 ዓመት 96 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀት ላይ «የዲስክ መድረቅ»፣ «መነፋት» የሚል ሲያነቡ አይሸበሩ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፎቶው ላይ የታየው ነገር እግርዎ ላይ ከተገኘው ጋር ይገጥማል ወይ? በግራ የሚያመው ሰው ፎቶው ላይ በቀኝ የወጣ ዲስክ ቢኖረው ያ የሕመሙ ምክንያት አይደለም።

እርስዎ 3 ወር ስላለፈዎትና መደንዘዝ ስላለ ኤምአርአይ ቢታዘዝልዎት አይገርመኝም። ጨረር የለውም፣ በማግኔት ነው የሚሠራው። ብረት ነገር ሁሉ ይወልቃል። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ)፣ በቀዶ ጥገና የገባ ብረት ወይም ዓይን ውስጥ የገባ የብረት ስባሪ ካለ አስቀድመው ይናገሩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሳይንቀሳቀሱ ይተኛሉ፤ ከፍተኛ ድምፅ አለው፣ የጆሮ መከላከያ ይሰጣል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቅዎ ከሆነ ቀድመው ይንገሩ፤ ማረጋጊያ መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። ተራ ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን ግን አያሳይም።

አሁን ወደ ፈሩት ነገር ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው፤ ግን ለሁሉም ሰው አይታዘዝም። ምርመራው ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ቆዳ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ይለጠፉና ነርቩ በአጭር ኤሌክትሪክ ይነካል። ቶሎ የሚያልፍ ንዝረት ነው፤ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። በሁለተኛው፣ ኢኤምጂ በምንለው፣ ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ ይገባል። በመርፌው ምንም ኤሌክትሪክ አይላክም፣ መድኃኒትም አይወጋም። መርፌው የጡንቻውን ድምፅ ያዳምጣል። ያማል? አዎ፣ ትንሽ ያማል። በማግስቱ ጡንቻው ሊጠዘጥዝ ይችላል። ሁለቱ በአንድ ላይ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳሉ። ካልቻሉ አቁሙ ማለት ይችላሉ። በዚያ ቀን ቅባትና ሎሽን አይቀቡ። ደም ማቅጠኛ ከወሰዱ ወይም ፔስሜከር ካለዎት ይናገሩ።

የሚጠቅመው ነገሩ ሲምታታ ነው። የእግር ጀርባ መደንዘዙ ከወገብ ነው ወይስ ከጉልበት ጎን ካለው ነርቭ? ስኳር አለበት ወይ? እዚያ ላይ በጣም ይረዳል። ሕመሙ እንደጀመረ ቢሠራ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ በመርፌው የሚታየው ለውጥ ለመውጣት 3 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እርስዎ ያንን አልፈዋል። ውጤቱ ደህና ነው ቢባልም ሕመምዎ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የመርፌው ምርመራ የሚያየው ጡንቻ የሚያንቀሳቅሰውን የነርቭ ክፍል ነው። የተቆጣው የሕመም ስሜት የሚያደርሰው ክፍል ብቻ ከሆነ ኢኤምጂ ላይ ላይታይ ይችላል።

ከዚያስ?

የነርቭ ሥር መሆኑ ከተረጋገጠና ጉልበትዎ ካልቀነሰ ሕክምናው በብዛት ያለ ቀዶ ጥገና ይጀመራል። የወጣው ዲስክ ብዙውን ጊዜ እንዳለ አይቀርም። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሚገርመው፣ ትልቁና ተቆርጦ የወጣው ከትንሹ ይልቅ የመሟሸሽ ዕድሉ የሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ የተሠራ ጥናት እግር ላይ የሚወርድ ኃይለኛ ሕመም ከ6 እስከ 12 ሳምንት የቆየባቸውን 283 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ቶሎ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሌላው በመድኃኒትና በእንቅስቃሴ ታከመ። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ቶሎ ቀለላቸው። ዓመት ሲሞላ ግን በሁለቱም በኩል 95 በመቶው አገግሞ ነበር። ሙሉውን ልንገርዎት፤ ከሁለተኛው ወገን 39 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ሕመሙ ስላልለቀቃቸው ቀዶ ጥገና አድርገዋል። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ጠላት አይደለም። ጉልበት እየደከመ ከሄደ፣ ወይም ሕመሙ ከ6 ሳምንት በላይ ቆይቶ ኑሮን ካመሰቃቀለና ፎቶው ከምርመራው ጋር ከገጠመ ጥሩ አማራጭ ነው። የሚያሻሽለውም በዋናነት የእግሩን ሕመም ነው፤ የወገቡን ያህል አይደለም።

መድኃኒት ላይ ብዙ ተስፋ አያስቀምጡ። ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ፤ ጨጓራና ኩላሊት ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፕሪጋባሊን ለነርቭ ሕመም በስፋት ይታዘዛል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ የተሠራ ጥናት እግር ላይ ለሚወርድ የወገብ ነርቭ ሕመም ከባዶ ክኒን የተሻለ ሆኖ አላገኘውም፤ ማዞር ግን ጨምሯል። ለስኳር ነርቭ ግን ይጠቅማል። ሐኪምዎ ካዘዘልዎት ለምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቆም ይጠይቁ። ከወሰዱት በኋላ በራስዎ በድንገት አያቋርጡ። አከርካሪ አካባቢ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ ለአንዳንድ ሰው ለሳምንታት ፋታ ይሰጣል፤ በዚያ ፋታ እንቅስቃሴ ይጀመራል።

ሐኪሙ «ነርቭዎ ደህና ነው» ሊልዎትም ይችላል። ይህን ሲሰሙ አላመኑኝም ብለው የሚከፉ ሰዎች አሉ። ሕመሙን ማንም አልካደም። ነርቭ ከጉዳዩ ወጣ ማለት ነው፤ ያ መልካም ዜና ነው። ቀጣዩ ፊዚዮቴራፒ ይሆናል። ወጣት ሆኖ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገቡ የሚተሳሰርና ሲንቀሳቀስ የሚለቀው ሰው ደግሞ ወደ ሩማቶሎጂስት (የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም) ይላካል።

ከክፍሉ ከመውጣትዎ በፊት የትኛው ነርቭ እንደተጠረጠረ፣ የአውራ ጣትዎ ጉልበት ከ5 ስንት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚመለሱ ጠይቀው ይጻፉ። የጉልበቱ ቁጥር በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ሐኪም ቢያይዎ እንኳ ማወዳደሪያ ይሆናል። የሚያምኑት ሰው አብሮዎት ቢገባ ጥሩ ነው፤ ሲያነክሱ ያየዎት እሱ ነው፣ የተባለውንም ያስታውሳል።

ቀጠሮው እስኪደርስ አልጋ ላይ አይቆዩ። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ መተኛት ማገገምን ያዘገያል። የሚችሉትን ያህል ይራመዱ፣ ረጅም ሰዓት በአንድ ቦታ አይቀመጡ፣ የሚከብድ ነገር ጎንበስ ብለው አያንሱ። በየሁለት ሦስት ቀኑ ግድግዳ ተደግፈው በተረከዝዎ ጥቂት እርምጃ ይሂዱ። የግራ እግርዎ ፊት ከቀኙ እኩል መነሳት አለበት። ዝቅ ማለት ከጀመረ ወይም አውራ ጣትዎ አልነሳ ካለ ስልክ ደውለው ቀጠሮውን ያስቀርቡ። ካላቀረቡልዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱና እግሬ እየደከመ ነው ብለው ይንገሯቸው።